8 በ12 ሜትር የእህል መጋዘን ወደ ሚክስድ ሪያሊቲ መዝናኛ፦ ወለሉን እንዴት ልከፋፍለው?

ጣና_ዳር (ጠያቂ)

እንዴት ከረማችሁ ያገር ልጆች። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ባህር ዳር ነው ያለሁት። አባቴ እህል ያስቀምጥበት የነበረ መጋዘን አለን፣ ውስጡ 8 ሜትር በ12 ሜትር፣ ከፍታው ዝቅ ባለው በኩል 3 ሜትር ተኩል፣ ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ ነጭ የተቀባ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። እህሉ ከወጣ ወዲህ ባዶውን ስለተቀመጠ እኔና ሁለት ጓደኞቼ (አንዱ ዩኒቲ በሚባለው የጌም መስሪያ ሶፍትዌር ጌም ይሰራል አንዷ ደግሞ ሰዓሊ ናት) ሚክስድ ሪያሊቲ መዝናኛ ልናደርገው ተነስተናል። ለማታውቁት፣ መነጽሩ ያለህበትን ክፍል በካሜራ እያሳየህ ኮምፒውተር የሰራውን ነገር እላዩ ላይ ይጨምርበታል፣ ስለዚህ እውነተኛ ታንኳ ላይ ቁጭ ብለህ ግድግዳው በነበረበት ቦታ ጣናን ታያለህ ማለት ነው።

ሀሳባችን እንዲህ ነው። ሰው ይገባል፣ መነጽር ያደርጋል፣ እውነተኛ የደንገል ታንኳ ላይ ይቀመጣል፣ ጎህ ሲቀድ ጣና ላይ ይቀዝፋል፣ ጉማሬ ያያል፣ እንቦጩ ውሃውን እንዴት እንደሸፈነው ያያል፣ ደሴት ላይ ገዳም ይገባል፣ ከዛ ዘጌ ወርዶ ቡናው ጫካ ውስጥ በእግሩ ይሄዳል፣ መጨረሻው ጢስ አባይ ነው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ይቆምና ነፋሱና እርጥበቱ ፊቱ ላይ ይመጣል። ጢስ አባይ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን እዚሁ ከተማ አድገው አይተውት የማያውቁ ልጆች ብዙ ናቸው። አያቴ ደግሞ ታንኳ ላይ ያደገች ሴት ናት፣ ዛሬ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ከቤት አትወጣም፣ ይሄን ነገር ስሰራ እሷ ናት ፊቴ ላይ የምትመጣው።

ክዌስት 3 የሚባለው የሜታ መነጽር አራት አለን። ሶፍትዌሩ እየሄደ ነው፣ ያቃተን ክፍሉ ነው። ሶስት ጊዜ ሞክረናል። በመጀመሪያው ሰው መሀል አዳራሽ ላይ ሲደርስ ምስሉ ይንሸራተታል፣ ታንኳው በዓይን ሲታይ እዚህ ሆኖ በእጅ ሲነካ እዛ ነው። በሁለተኛው ሁለት ልጆች ተጋጭተው አንዱ ግንባሩ አበጠ፣ ደንግጫለሁ እውነት ለመናገር። በሶስተኛው ታንኳውን በምስል ስናወዛውዘው የጓደኛዬ እህት ማቅለሽለሽ ይዟት ግማሽ ሰዓት ተኛች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በቆርቆሮው ቀዳዳ ፀሐይ ይገባል።

እና ወለሉን እንዴት ልከፋፍለው፣ ግድግዳውን ምን ላድርገው፣ ታንኳው ይወዛወዝ ወይስ ይታሰር፣ ባንዴ ስንት ሰው ላስገባ? እንዲህ ያለ ስራ የነካ ሰው ካለ እባካችሁ።

ካሜራና_ግድግዳ

ወንድሜ ሀሳብህ ደስ ብሎኛል። አዲስ አበባ አንድ የቪአር መጫወቻ ቤት ሁለት ዓመት ሰርቻለሁ፣ ያየሁትን ልንገርህ።

የሚንሸራተተው መነጽሩ ተበላሽቶ አይደለም፣ ነጩ ግድግዳ ነው። እነዚህ መነጽሮች ውጭ የሚተከል ሴንሰር የላቸውም፣ ፊታቸው ላይ ያሉት ካሜራዎች ክፍሉን እያዩ ማዕዘን፣ ነጥብ፣ ቀለም የሚቀየርበት ቦታ ይፈልጉና ውስጣቸው ካለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር ጋር አዳምረው ነው የቱ ጋ እንዳሉ የሚያውቁት። ነጭ ግድግዳ ላይ የሚይዙት ነገር የለም። ጭጋግ በሸፈነው ሜዳ መሀል የቆመ ሰው መንገዱ እንደሚጠፋው አስበው። ስለዚህ ሰዓሊዋን ግድግዳው ላይ አሰማሯት፣ ግን እንደ ቀሚስ ጥበብ አንድ ዓይነት ቅርጽ ደጋግማ እንዳትስል፣ አንዱ ቦታ ካንዱ ካልተለየ ካሜራው ያምታታዋል። ዛፍ፣ ድንጋይ፣ የተለያየ ትልቅና ትንሽ ነገር፣ ደማቅና ፈዛዛ፣ ከወለል እስከ ላይ። መስታወትና የሚያብለጨልጭ ቀለም ግን አይሁን።

ብርሃኑ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። የቆርቆሮውን ቀዳዳ ዛሬውኑ ድፈኑት፣ ለትራኪንጉ (መነጽሩ የቱ ጋ እንዳለ ለሚያውቅበት) ብቻ ብዬ አይደለም፣ መነጽሩ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ተቀምጦ ፀሐይ ሌንሱ ላይ ካረፈ እንደ አጉሊ መነጽር ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል፣ በዚህ የተበላሸ አይቻለሁ። ክፍሉን አጨልማለሁ ብለህም እንዳታስብ፣ እውነተኛውን ታንኳና የጎረቤትህን እጅ በካሜራ እንድታይ ከፈለግህ መብራት ያስፈልጋል፣ ጨለማ ከሆነ ምስሉ አሸዋ አሸዋ ይላል። የኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ ከሱ ጋር አብሮ ይርገበገባል፣ ዓይንህ ባያየው ካሜራው ያየዋል፣ ሴቲንጉ ውስጥ የትራኪንግ ፍሪኩዌንሲ የሚለውን 50 ላይ አድርጉት።

ታንኳውን በተመለከተ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ታንኳና ወለሉ ላይ ያለው ታንኳ ሶስት ሳንቲም እንኳ ከተለያዩ እጅ አየር ይጨብጣል፣ ያን ጊዜ ሰውየው የሚያየውን ሁሉ ማመን ያቆማል። ወለሉ ላይ በማይለቅ ቀለም ሶስት ምልክት አድርግ፣ ጠዋት ጠዋት ከመክፈትህ በፊት አራቱንም መነጽር በነሱ ላይ አስተካክል። አስር ደቂቃ ይፈጃል፣ እንዳትዘለው።

ስለ ገደሉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነው። አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የሰሩት ሙከራ አለ፣ ሰውን መነጽር አድርገውለት ጥልቅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ያቆሙታል፣ አንድ ጊዜ ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወለሉ ላይ አንድ ተኩል ኢንች፣ አራት ሳንቲም የማይሞላ ጣውላ አድርገው ጫፉን በእግሩ ጣት እንዲነካው። ጣውላው ላይ ሲቆሙ የልብ ምታቸው ይበልጥ ጨመረ። አራት ሳንቲም! ገደል አትሰራም፣ የገደሉን ጠርዝ ብቻ ነው የምትሰራው፣ ሌላውን ዓይኑ ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒውዮርክ ላይ የከፈቱት ዘ ቮይድ የሚባሉትም እንደዚሁ ነበር የሚሰሩት፣ ባዶ ግድግዳ፣ ማራገቢያ፣ ማሞቂያ፣ እጅ የሚነካው ነገር ሁሉ ዓይን ካየው ጋር ገጥሞ። እነሱ በ2020 ተዘጉ፣ መንገዱ ግን ዛሬም ይሰራል።

አናጺው_ከማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ልጄ፣ እኔ ስለ መነጽሩ ብዙም አላውቅም፣ ደብረ ማርቆስ ቤት ስሰራ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ግን ጥያቄህን ሁለቴ ሳነበው የጎደለ መሰለኝ፣ ከታንኳው ነው የጀመርከው፣ እኔ ብሆን ከበሩ ነበር የምጀምረው።

የኛን ክብ ቤተ ክርስቲያን አስበው። ከመንገድ ተነስተህ መቅደስ አትገባም። አጸዱ አለ፣ ዛፉ አለ፣ ድምፅህ ራሱ እዛ ዝቅ ይላል። ጫማህን ታወልቃለህ። ከዛ ቅኔ ማኅሌት፣ ከዛ ቅድስት፣ መቅደሱ መሀል ላይ ተከልሏል። ሰሪዎቹ ሰው አንድ ዓለም ትቶ ሌላ ዓለም ለመግባት ደረጃ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር። ያንተ ቤት ጨዋታ ነው፣ ከቅዱስ ቦታ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፣ ትምህርቱን ውሰድ ነው የምልህ። ከፀሐይ የመጣን ሰው በር ላይ መነጽር ብታደርግለት ዓይኑም ልቡም ገና መንገድ ላይ ነው።

ጫማውን በእውነት አስወልቀው። ለምን ብትል፣ መነጽሩ ዓይኑን ይወስድበታል፣ የሚቀረው እግሩ ነው። ባዶ እግር ያለ ሰው ሰሌን ላይ እንደቆመ፣ ጣውላ ላይ እንደወጣ፣ ድንጋይ እንደነካ ሳያይ ያውቃል። የግድግዳው ጥግ ሊደርስ 60 ሳንቲም ሲቀረው ወለሉን ቀይርለት፣ ከሰሌን ወደ ሻካራ ጎማ ምንጣፍ፣ ማንም ሳይነግረው ይቆማል። ልጆቹ ተጋጩ ላልከውም ዋናው መድኃኒት ይሄ ይመስለኛል፣ ለአራቱም የየራሱ መቆሚያ በእግር የሚታወቅ ይኑረው። ደግሞ ጫማ የወለቀበት ቤት አቧራ የለም፣ አቧራ ደግሞ ለሌንሱ ጥሩ አይመስለኝም። ብርድ የሚፈራ ካለ ካልሲ ይዞ ይምጣ።

አሁን መለኪያ። ከፊት 3 ሜትር በ8ቱ ሙሉ ወርድ ለመቀበያ ተወው፣ አይቆጭህ። ጫማ ማውለቂያ፣ ቁጭ ብሎ መነጽር መልበሻ፣ ቡና የምትቆላ ሴት ብትኖርም እዛ ነው፣ ሽታው ወደ ውስጥ ይከተላቸዋል ጭሱ ግን ይቀራል። ከዛ በኋላ 9 በ8 ይቀርሃል። በግራ በኩል 4 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ተኩል የታንኳው ክፍል። ከሱ ጀርባ ያው ልክ የሆነ ሌላ አራት ማዕዘን፣ እሱን በሶስት መተላለፊያ ከፍለው፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ40 ይደርሳል መከፋፈያው ሲቀነስ። ያ የዘጌ ጫካህ ነው፣ 13 ሜትር ገደማ በእግር ያስኬዳል። ሶስተኛው መተላለፊያ የሚያወጣህ በቀኝ በኩል ኋላ ላይ ነው፣ እዛ 3 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር የገደሉ ክፍል፣ የተረፈው 3 ተኩል በ4 መነጽር ማውለቂያና ማረፊያ ሆኖ ወደ መቀበያው ይመልሳል። የገባና የወጣ አይገናኝም።

መከፋፈያውን በብሎኬት እንዳትሰራ፣ ትሳሳታለህ፣ መሳሳትህም አይቀርም። በሞራሌና በእንጅባራ ቀርከሃ አቁመው፣ ሲያስፈልግ ትነቅለዋለህ፣ ቀርከሃው ለእጅም ጥሩ ነው። ጠርዝ የሆነ ሁሉ ይጠረብ፣ ሚስማር አይውጣ፣ ከደረት እስከ ራስ ያለውን ማዕዘን በስፖንጅ ሸፍነው። ከኋላ ሁለተኛ በር ክፈት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት። ይሄን ለገንዘብ ብለህ አትተወው።

ካሜራና_ግድግዳ

ጋሼ የቀርከሃው ነገር ለትራኪንጉም ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱ አንጓ ስለሚለያይ ካሜራው ይይዘዋል። ክፍተቱ ግን በጨርቅ ወይ በጆንያ ይደፈን፣ አለዚያ ከወዲያ ያለው ሰው መብራትና እንቅስቃሴ ይረብሸዋል።

ዘጌ_ቡና

እኔ አስጎብኚ ነኝ፣ ጣና ላይ ነው ያደግሁት። ወንድሜ ስለ አያትህ የጻፍከውን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኔ የምለው ግን ስለ ገዳሙ ነው።

ደሴት ላይ ገዳም ይገባል ብለሃል። የትኛው ገዳም? ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፣ እኔ ስንት ጊዜ እንግዶች ይዤ ሄጄ ወንዶቹ ሲወጡ ጀልባው ላይ ቀርቻለሁ፣ አልከፋኝም፣ ስርዓቱ ነው። አሁን አንተ በመነጽር ሴቱንም ወንዱንም ባዶ እግሩን አስገብተህ መቅደሱን ብታሳየው ምን ማለት ነው? ሴቶቹ ገቡ ትላለህ ወይስ አልገቡም? የሚገባበትም ገዳም ቢሆን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለምሳሌ፣ ስዕሉ የሚታየው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል ነው፣ ከዛ በላይ ካህን ብቻ ነው። እባክህን ታንኳው ዳር ላይ ይድረስ፣ ደወሉ ይሰማ፣ ዛፎቹ መሀል ጣራው ይታይ፣ ይብቃ። ከዛ በላይ የምታስበው ካለ መጀመሪያ ሄደህ አባቶችን ጠይቅ፣ እምቢ ካሉህም እሺ በል።

ታንኳው ደግሞ። ከሩቅ ጀልባ ይመስላል፣ ስትቀመጥበት ግን የታሰረ ደንገል ነው፣ ውሃው ከስር ይገባል፣ ቂጥህ ይረጥባል፣ ከውሃው ከፍ ያልክ አይመስልህም፣ እጅህን ዘርጋ ካልክ ውሃው እዛው ነው። ይሄን ነው ቱሪስት ሁሉ ፎቶ አንስቶ የሚሄደውና የማያውቀው። በሶፍትዌራችሁ ውሃውን ወደ ወለሉ በጣም አቅርቡት። ደንገል ውሃ ጠጥቶ በወራት ውስጥ ያልቃል፣ እናንተ ዘንድ ግን ደርቆ ነው የሚሰባበረው፣ ስለዚህ ዓመት ሳይሞላ መቀየር ይኖርባችኋል፣ እሱን በጀቱ ውስጥ አስገቡት። ሰሪዎቹን ጥሯቸው፣ አዳራሹ ውስጥ ይሰሩት፣ ሲያስሩት የሚወጣውን ድምፅ፣ ሲቀዝፉ የሚያወሩትን ቅዱ፣ ለድምፁም ክፈሏቸው።

ጢስ አባይን ስታሳዩ ደግሞ እውነቱን አሳዩ። ክረምት ሲሞላ 400 ሜትር ገደማ ሆኖ ነው የሚወርደው፣ በበጋ ውሃው ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ ድንጋዩ ራቁቱን ይቀራል። ክረምቱን ብቻ ያየ ሰው ነገ በየካቲት ሄዶ ዋሸኸኝ ይልሃል። ሁለቱንም ወቅት ብትሰሩት ሁለቴ የሚመጣም ይኖራል።

አንድ የሴት ነገርም ልበል፣ ሹሩባ የተሰራች ወይ ሻሽ ያሰረች ሴት መነጽሩ ከኋላ አይቀመጥላትም፣ ነጠላም ታንኳው ላይ ይያዛል። ማስቀመጫ፣ መስታወት፣ ከዛ ወዲያ የሚከልል መጋረጃ መቀበያው ላይ ይኑር። ያንን ካላሰባችሁ እናቶች አይመጡም።

ጣና_ዳር

እህቴ ስለ ገዳሙ ያልሽው ልክ ነው። እኛ ሶስታችንም እንደ ምስል ብቻ ነበር ያየነው፣ አላሰብነውም። እናወጣዋለን፣ ታንኳው ዳሩ ላይ ደርሶ ወደ ዘጌ ይዞራል። ጋሼ የርስዎን ሳነብ በቴፕ ወለሉ ላይ አሰመርኩት፣ ከፊት 3 ሜትር መተው መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፣ ተሰምሮ ሳየው ግን ገባኝ። ማቅለሽለሹን የሚያውቅ አለ?

ሚዛን

አለ። እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ ጌም ደግሞ እወዳለሁ። ማቅለሽለሹ ባህር ላይ ከሚይዘው ጋር አንድ ዘር ነው። ውስጥ ጆሮ ላይ ያለው ሚዛን ቁጭ ብለሃል ይላል፣ ዓይን ደግሞ እየተወዛወዝክ ነው ይላል፣ አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ላብ፣ ምራቅ፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። እናንተ ምስሉን አወዛወዛችሁ፣ ታንኳው ግን ሊሾ ላይ ተቀምጧል። ሁለት መንገድ አላችሁ፣ ወይ ምስሉም አይወዛወዝ ወይ ሁለቱም አብረው ይወዛወዙ።

አብሮ ለማወዛወዝ ብዙ ማሽን አያስፈልግም። ታንኳውን ጠንካራ ጣውላ ላይ አስራችሁ ከስሩ አራት የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በትንሽ ነፋስ አስቀምጡ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ በራሱ ክብደት ሁለት ሶስት ሳንቲም ይሰምጣል ይነሳል። ጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፣ መነጽሩ የሚያውቀው ክፍሉን እንጂ ታንኳውን አይደለም፣ ስለዚህ ታንኳው ሲያዘነብል በምስሉ ያለው ታንኳ እንዲከተለው አንድ ኮንትሮለር (የመነጽሩን የእጅ መቆጣጠሪያ) ታንኳው ላይ በደንብ አስራችሁ ሶፍትዌሩ የሱን እንቅስቃሴ እንዲያነብ አድርጉ። ሌላው አማራጭ ደግሞ ሚክስድ ሪያሊቲ መሆኑን መጠቀም ነው፣ የታንኳውን ጠርዝና የገዛ እጃቸውን በካሜራ እንዳለ አሳዩ፣ ውሃውና ሰማዩ ብቻ የተሰራ ይሁን። ቅርብ ያለ የማይንቀሳቀስ እውነተኛ ነገር ካዩ ብዙ ሰው ይረጋጋል።

ፍጥነቱን አትለዋውጡ። ቀስ ብሎ ይነሳና በአንድ ፍጥነት ይሂድ፣ ድንገት መዞር የለም፣ ነፋሱ ከሚሄዱበት አቅጣጫ ይምጣ። ምስሉ በሰከንድ ከ72 በታች እንዳይወርድ፣ ጫካው ውስጥ ቅጠል አብዝታችሁ መነጽሩ እንዳይጨናነቅ። ሰው በእግሩ ራሱ የሚሄድበት ክፍል ግን ብዙም አያቅለሸልሽም፣ ስለዚህ የጋሼ 13 ሜትር መንገድ በጣም ጥሩ ነው። ሰውን ሳያውቅ እያጠማዘዙ ቀጥ ብሎ የሄደ ማስመሰል ይቻላል የሚል ነገር ታነቡ ይሆናል፣ ይቻላል፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሰው እንዳያውቅ ቢያንስ የ22 ሜትር ራዲየስ ክብ ያስፈልጋል፣ 8 ሜትር ውስጥ አይገባም። ጫካ ደግሞ በተፈጥሮው ይጠማዘዛል፣ መደበቅ አያስፈልጋችሁም።

ከ10 ዓመት በታች ልጅ አታስገቡ፣ የመነጽሩ አምራችም አይፈቅድም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በር ላይ በትልቁ ጻፉት። መነጽሩ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ 515 ግራም ነው፣ ላንተ ምንም አይደለም፣ ለአያትህ አንገት ግን ከአስር ደቂቃ በላይ ይከብዳል። ፊት የሚነካውን ስፖንጅ በሚታጠብ ሲሊኮን ቀይሩት፣ በየሰው መሀል ይጠረግ፣ ሌንሱን ግን በአልኮል እንዳትነኩት፣ በደረቅ የሌንስ ጨርቅ ብቻ።

ፌዝ_ሶስት

ከፍኖተ ሰላም። ኤሌክትሪሺያን ነኝ፣ ማንም ሰው ያላነሳው ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? መነጽሩ በባትሪ ስለሚሰራ አይጠፋም፣ ክፍሉ ግን ይጨልማል፣ ካሜራው አያይም፣ ሰውየው የገደል ጫፍ ላይ ቆሞ ዓለሙ ሁሉ ይንቀጠቀጥበታል። ስለዚህ በየክፍሉና በየመተላለፊያው ባትሪ ያለው ኢመርጀንሲ መብራት፣ ራውተሩና ሶፍትዌሩን የሚመራው ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ፣ ከዋናው መስመር ስታቢላይዘር፣ ጀነሬተሩ ከግድግዳው ውጭ ርቆ። ጨዋታው ራሱ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ይሁን፣ ሁሉም ፋይል መነጽሩ ውስጥ ይጫን።

የጢስ አባይን እርጥበት በሚረጭ ውሃ እንዳታመጡት። ሌንስ ያደበዝዛል፣ ባዶ እግር ላይ ሊሾ ያንሸራትታል፣ ከኤሌክትሪክ ጋርም አይሆንም። ጆንያ አርጥባችሁ ከግድግዳ ጀርባ ስቀሉ፣ ስሩ ገንዳ ይሁን፣ ቬንትሌተር በጆንያው ውስጥ አሳልፎ ይንፋ። ጠብታ የሌለው ቀዝቃዛ እርጥብ አየር ነው የሚወጣው። ሶኬት ከዛ ሁለት ሜትር ይራቅ፣ መስመሩ ላይ ሰው ሲይዘው የሚቆርጥ ብሬከር ይግባ።

ደግሞ ቆርቆሮው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲጥል ምንም አትሰሙም፣ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ምድጃ ነው፣ ሰው ሲያልበው መነጽሩ ይታፈናል። ኮርኒስ ይግባ፣ ከላዩ ጭድ ሳይሆን እሳት የማይይዝ ነገር፣ ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መሀል ያለው ሙቅ አየር የሚወጣበት በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ ተውለት።

ጣና_ዳር

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት የሞከርነውን ልንገራችሁ። አራት ሳንቲም የማይሞላ የባህር ዛፍ ጣውላ በጋሼ ልክ የገደሉ ክፍል ውስጥ አስቀመጥን፣ ግድግዳው ላይ ሰዓሊዋ ድንጋይና ስር በከሰል ሳለች፣ ጆንያውንም አረጠብን። ምስሉ አልተንሸራተተም። አክስቴን ባዶ እግሯን አቆምናት። ጣቷ የጣውላውን ጫፍ ሲነካ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ ክንዴን ያዘች፣ ከዛ ሳቀችና እንደገና ሄደች፣ ነፋሱ ሲመጣ ዝም አለች። ጢስ አባይ መጨረሻ የሄደችው ልጅ ሆና ነው። ስታወልቀው የጠየቀችኝ "ውሃው አሁንም እንዲህ ነው?" ብላ ነው። ዘጌ_ቡና ሁለቱን ወቅት አሳዩ ያልሽው ያኔ ነው የገባኝ፣ ሁለቱንም እንሰራለን።

ስንት ሰው የሚለውን ቆጠርኩት። ጫማና መነጽር 5 ደቂቃ፣ ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ማውለቅና መጥረግ 5 ደቂቃ፣ አራት መነጽር ይዘን በሰዓት 12 ሰው ነው። ተጨማሪ አራት መነጽር ብናገኝ አንዱ ቡድን ውስጥ ሲሆን ሌላው መቀበያው ላይ ይለብሳል፣ በሰዓት 24 ይሆናል፣ ክፍሉን ሳንነካው። ለጊዜው ግን በ12 እንጀምራለን፣ ውስጥ ሁልጊዜ መነጽር ያላደረገ አንድ የኛ ሰው ይኖራል።

አንድ ነገር ብቻ አልተፈታልኝም። ታንኳው እውነተኛ ከሆነ ከወለሉ በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ አያቴ ጉልበቷን አጥፋ መቀመጥ አትችልም፣ ብትቀመጥም አትነሳም። ከፍ ካደረግሁት ደግሞ ዘጌ_ቡና ያለችው ውሃው አጠገብህ ነው የሚለው ነገር ይጠፋል።

አናጺው_ከማርቆስ

ታንኳውን አታንሳው፣ ወለሉን አንሳ። የታንኳውን ክፍል በሙሉ በጣውላ መድረክ 45 ሳንቲም ከፍ አድርግና ታንኳው መድረኩ መሀል በተቆረጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ፣ ከስሩ ከመነዳሪው ይገባል። ለአያትህ ከታንኳው ጎን አንድ እግር ማስገቢያ ጉድጓድ ቁረጥላት፣ በመድረኩ ጠርዝ ላይ እንደ ወንበር ትቀመጣለች፣ እግሯ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ እጇ ግን ከታንኳው ጋር እኩል ነው። በመነጽሩ የምታየው ውሃ እዛው መድረኩ ላይ ይሁን። መውጫው ደረጃ አይሁን፣ ተዳፋት ይሁን፣ ለ45 ሳንቲም ከፍታ 5 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ስጠው፣ ከመቀበያው ተነስቶ በግድግዳው ጥግ ይሂድ፣ መያዣ ይኑረው።

የመጪው ቅዳሜ ባህር ዳር ጉዳይ አለኝ። ሜትሬን ይዤ እመጣለሁ፣ ጣውላ ከመግዛትህ በፊት ጠብቀኝ።

ዘጌ_ቡና

ጋሼ ቅዳሜ ከመጡ እኔም እመጣለሁ። ታንኳ የሚሰሩ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ካመኑ ይዣቸው እመጣለሁ፣ ጉድጓዱን ከመቁረጣችሁ በፊት ልኩን እነሱ ይንገሯችሁ።